የጋሽ ክፍሌ ማዳመጫ

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ የአንኮበር ክዳን ወደቀች። ጥሪ ሲመጣ ከሰሌዳው ላይ ቀጭ ብላ የምትወድቅ ትንሽ የብረት ክዳን ናት፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ስትወድቅ እንዳየሁ ፈጣሪ ይወቀው። ገመዱን ሰካሁና «ደብረ ብርሃን» አልኩ።

«እትዬ ጥሩ፣ እኔ ነኝ፤ አስካለ» አለች የጋሽ ክፍሌ ልጅ፣ ከአንኮበሯ ጎረቤላ። «ደህና ሰነበትሽ? አባባን ትንሽ አሞት ነው። ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀምስ ብሏል። ከተመቸሽ ነገ ብቅ ብትይ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይማራቸው» አልኳት።

«አሜን» አለችና ዘጋች።

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። በደንብ ተዘጋጅታበታለች። ነገር ግን «አባባን» ከማለቷ በፊት ትንፋሿን ሁለት ጊዜ ሳበች። ከኋላዋ ደግሞ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ቆሟል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው አፍንጫውን ሳበ። ትንሽ ያመመው ሰው ጉዳይ አምስት ስድስት ሰው አስከትሎ ስልክ ቤት አያስኬድም። ጋሽ ክፍሌ ሞተዋል።

የሚተካኝ ሰው ስላልነበረ እስከ ሰባት ሰዓት ገመድ ስሰካና ስነቅል ቆየሁ። አንድ የእህል ነጋዴ መስመር ተቋረጠብኝ ብሎ ተቆጣኝ፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ማልቀስ አልመጣልኝም። ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ጀርባዬ ላይ ለዓመታት አንድ ነገር ተጭኖ እንደኖረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ስልክ ቤት የገባሁት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በጋዜጣ የተደፈነ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ጋዜጣ የሚከለክለው ብርድ አይደለም። ሁለት ወንበር ነበር፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው ጋሽ ክፍሌ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ከመሥሪያ ቤቱ የካኪ ኮት ላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ አለቃ መጣ ሲባል ጋቢውን ወንበሩ ላይ አጥፈው ይቀመጡበታል። ጥሪ ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ሌባ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ጣቷ ተነስታ ሳለ ያወራ ሰው ወዮለት። እኔ አንድ ቀን አስነጥሼ ግማሽ ቀን አኩርፈውኛል።

የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ናቸው። ልጅ ሆነው ዜማ ተምረዋል፤ ድምፃቸው ሲጎረንን ግን ተበላሸና አባታቸው ተስፋ ቆረጡባቸው። «ድምፄ ሄደ፣ ጆሮዬ ቀረ» ይሉ ነበር፤ ሲሉት እንደ ቀልድ ነው፣ ግን ቀልድ አይመስለኝም። ከዚያ የስልክ መስመር ሲዘረጋ በቀን ሠራተኛነት ገብተው እንጨት ተሸከሙ። እንጨቱ ላይ ወጥተው ሽቦውን በማዳመጥ ብቻ ብልሽቱ ከጣርማ በር ወዲህ ይሁን ወዲያ መናገር እንደሚችሉ የታወቀው እዚያ ነው። ሥራውን የሚመራው ፈረንጅ መሐንዲስ መጀመሪያ አላመነም፤ ሦስት ጊዜ ፈተናቸው፤ ሦስቱንም አገኙት። አገሩ ሲመለስ የራሱን ማዳመጫ ከራሱ ላይ አውልቆ ሰጣቸው።

ያን ማዳመጫ እንደ ሰው ነው የምናየው። ጥቁር ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ክቦች መዳፍ ያህላሉ፤ የራስ ቅል ላይ የሚያልፈው ቅስት ብረት ነው፣ ክብደቱም አንገት ያስደፋል። የጆሮው ቆዳ ሲያልቅ ጋሽ ክፍሌ ከመንዝ በግ ለምድ ቆርጠው፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው ራሳቸው ሰፉለት። ገመዱ ሲሰነጣጠቅ ክሩን በጧፍ ሰም አሽተው ጠቀለሉት። ምስማር ላይ አይሰቅሉትም፤ የእንጨት ማንጠልጠያ ሠርተውለታል። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ተንሸራቶ ወደቀ። እኔ ደንግጬ ተነሳሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ወለሉን አዩ። ሲሚንቶው ተቦርቡሯል። ማዳመጫው ምንም አልሆነም።

«ይሄ ዕቃ እኔን ቀብሮ ተዝካሬን ያወጣል» አሉ።

የእኔ ማዳመጫ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ድምፅ ይመስላል። የእሳቸውን አውሰው እንዲያስሞክሩኝ ስንት ጊዜ ለመንኩ። «ቅቤሽን ታጥበሽ ነይ፤ ፀጉርሽና ለምዴ አይስማሙም» እያሉ ያሾፉብኛል። እውነቴን ነው፣ ቀንቼበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ታጥቤ መጣሁና ቃላቸውን ጠበቁ። ራሴ ላይ ሲያደርጉልኝ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ከዚያ አንኮበርን ሰኩልኝ።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«ሰውዬው ደህና አደራችሁ ይላል።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ሌላስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሰውዬው ኋላ አንድ ሰው ደጅ ይጠርጋል፤ መጥረጊያው ድንጋይ ላይ ሲሄድና አፈር ላይ ሲሄድ ይለያል። ሽቦው ላይ ነፋስ አለ። ሰውዬው ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ።

«ጉንፋን ይዞታል» አልኩ።

ጋሽ ክፍሌ በጣም ደስ አላቸው። «እንዲህ ነው እንጂ! ቃሉንማ ሁሉም ይሰማል። አንቺ እንዴት እንደሚተነፍስ ንገሪኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዳመጫውን አንድም ቀን አልሰጡኝም። ጥያቄውን ግን በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ በእኔ ዕቃ ደግሞ ማንም እንዴት እንደሚተነፍስ አይሰማም፤ ስለዚህ በየቀኑ እሸነፋለሁ።

ይሄ ሁሉ ለምን እንዳስፈለጋቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከአዲስ አበባ ሰው ሲፈለግ ለእኛ ይደወላል፤ እኛ ተላላኪውን አያሌውን እንልካለን፤ የተፈለገው ሰው መጥቶ ሳጥን በምታህል የእንጨት ክፍል ውስጥ ቆሞ ያነጋግራል። እኛ አገር ደግሞ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ ሽማግሌና የንስሐ አባት በጠዋት ቤት ሄደው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ትከሻ ተዘጋጅቶ ነው። ለአንድ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ በሽቦ፣ የልጁን ሞት መንገር ነውር ነው። ግን ከተማ የሄደ ሰው ሲደነግጥ ይሄን ይረሳል። ደውሎ «እከሌን ጥሩልኝ» ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ጋሽ ክፍሌ ይሰሙታል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ደውላ ሐሰን የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ እንዲጠሩላት ፈለገች። ሐሰን ለገበያ ደብረ ብርሃን ማደራቸውን እናውቃለን። የምትነግራቸው ስለ ጨርቅ ዋጋ እንደሆነ አስረዳች፤ እኔም በጎን በሁለተኛው መስመር ሰማሁ፤ የጨርቅ ዋጋ ነው። የጋሽ ክፍሌ ጣት ተነሳች።

«እኅቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የጨርቁን በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ። ማን ነው የሞተው?»

ከዚያ ሴትዮዋ ጮኸች። የሐሰን ታላቅ ወንድም ነበሩ። ጋሽ ክፍሌ እስክትረጋጋ ጠብቀው «በቃ፣ ለእኛ ተይው» አሏትና አያሌውን ወደ ሐሰን ሳይሆን ወደ መስጊዱ ሸህ ላኩት። በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰዎች ሄደው ነገሯቸው። ሐሰን ከሐዘን ሲወጡ ስልክ ቤት መጥተው በር ላይ ቆሙ። «አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሞቼ መሀል ተቀምጬ ነው የሰማሁት። አላህ ይስጥዎ» አሉ።

ሲሄዱ «እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስለ ጨርቅ የሚያወራ ሰው በየቃሉ መሀል ምራቁን አይውጥም» አሉ።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ ጋሽ ክፍሌ ለአባታቸው ተዝካር አንኮበር በሄዱበት ሳምንት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ክራባት ያሰረ ወጣት ነው። ሦስት አዲስ ማዳመጫ በሳጥን ይዟል፤ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ አፍ አጠገብ የሚደርስ ቀጭን መናገሪያ ያለው። ራሴ ላይ ሳደርገው ምንም ያደረግሁ አልመሰለኝም።

«ጫጫታውን ያስቀራል፤ ንግግሩን ብቻ ነው የሚያመጣው» አለኝ። «አሮጌዎቹን አስረክቢ። ትእዛዙ ሁሉም አሮጌ ይመለስ ነው የሚለው።»

የራሴንና አንድ ትርፍ አመጣሁለት። ሳጥኑ ውስጥ ጣላቸው።

«ሌላ አለ?»

የጋሽ ክፍሌ ማዳመጫ መቆለፊያ በሌለው መሳቢያ ውስጥ፣ በንጹሕ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ነበር። ሲሄዱ ራሳቸው ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። «የለም» ማለት ነበረብኝ። ወይም «አለ፣ ግን የግላቸው ነው» ማለት። ሰውዬው መሳቢያ የሚከፍት ዓይነት አልነበረም፤ ሻይ አምሮት ነበር፣ ሰዓቱን ያያል። ግን ያን ጠዋት ደክሞኝ ነበር፤ «እንዴት እንደሚተነፍስ ንገሪኝ» መባል ሰልችቶኝ ነበር፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ዕቃ ብንይዝ እኩል የምንሆን መስሎኝ ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ አወጣሁለት። በእጁ መዝኖ «ይሄስ የሙዚየም ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የርክክብ ወረቀት ላይ ግን አልጻፈውም፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ዕቃ ስለሆነ የሚጽፍበት ቦታ አላገኘም።

ጋሽ ክፍሌ ሰኞ ተመለሱ። መሳቢያውን ከፈቱ፣ አቡጀዲውን አነሱ፣ ገለበጡት።

«ተቆጣጣሪው ወሰደው» አልኳቸው። «ራሱ ፈልጎ አገኘው። የግላቸው ነው ብዬ ብነግረውም እምቢ አለ።»

ግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ ጥሩ» ብለው አቡጀዲውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አዲሱን ማዳመጫ አደረጉና አንኮበርን ሰኩ። «ይሄ ሁሉንም አራራይ አደረገው» አሉ። አራራይ ቀጭኑ ዜማ ነው፤ እውነትም በዚያ ዕቃ ጎረምሳውም ሽማግሌውም በቀጭን ድምፅ ነበር የሚያወሩት። ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚህ ያለፈ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጣታቸው ስትነሳ አላየሁም።

ወር ሳይሞላ፣ ገበያ ቀን፣ አንድ ልጅ እግር ድምፅ ወይዘሮ የሺመቤትን እንድንጠራለት ከአዲስ አበባ ደወለ። ወይዘሮ የሺመቤት ባና የሚሉትን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ረዳት ሹፌር ነው። ጥሪውን የያዙት ጋሽ ክፍሌ ናቸው። «ምን ነበር ጉዳዩ?» ሲሉት ሰማሁ። «እሺ፣ እሺ» አሉና አያሌውን ላኩት። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ወይዘሮ የሺመቤት እየሮጡ መጡ። ገበያቸውን ለጎረቤት ትተው ነው። «ልጄ ነው አይደል? ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር» እያሉ የነጠላቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ፤ በስልክ የሚታዩ ይመስል። ገበያተኛው በሩ ላይ ሞልቶ ተራውን ይጠብቃል። ወደ ሳጥኗ ገቡ። ጋሽ ክፍሌ አገናኙ።

«አቤት፣ አቤት ልጄ» ሲሉ ሰማን። ሳጥኗ ቀጭን እንጨት ናት፣ ሁሉም ይሰማል። ከዚያ ወደቁ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር አካላቸው ዘጋው፤ አያሌውና ሁለት ገበያተኞች ገፍተው እስኪያወጧቸው ድረስ የስልኩ እጀታ ተንጠልጥሎ የደወለው ልጅ «እማማ፣ እማማ» ሲል ይሰማል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ነጠላቸው ወድቆ፣ ፀጉራቸው ተገልጦ፣ መሬት ላይ ሆነው ነበር የጮኹት። የአንድ ልጃቸውን ሞት ሲሰሙ አንድም ዘመድ አጠገባቸው አልነበረም።

ጋሽ ክፍሌ ከወንበራቸው አልተነሱም። ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ «አላለቀሰም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማን?»

«ልጁ። ሲደውልልኝ። አንቺ አልሰማሽም? እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጥሩ። ቃሉን ብቻ ነው የሰማሁት። ከኋላው ምንም የለም፤ ልክ ሰው በሌለበት ቤት እንደሚያወራ ነው።»

ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ቀኝ ጆሯቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጣርማ በር ላይ እንጨት ላይ ሆነው ሲያዳምጡ መብረቅ መስመሩን መታው፤ ማዳመጫው ምንም አልሆነም፣ የተበላሹት እሳቸው ናቸው። ግራውም ከዚያ ወዲህ እየደከመ ነው። ያ ከባድ ዕቃ ግን ድምፁ ጥልቅ ከመሆኑም በላይ የራስ ቅላቸው ላይ ተጭኖ ያርፋል። «በአጥንቴ ነበር የምሰማው» አሉ። «ትንሽ ዓመት የሚቀረኝ መስሎኝ ነበር። ለአለቆቹ ብነግራቸው ያን ቀን ያሰናብቱኛል፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። የወጣው ግን «አይዞዎት» የሚል ነው።

ለወይዘሮ የሺመቤት ሐዘን ሦስት ቀን ሄደው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቋቸው፤ «አንቱ ምን አጠፉ፣ ጋሼ» አሏቸው እሳቸው፤ ያ ደግሞ የባሰ ሳያደርግባቸው አልቀረም። በወሩ መጨረሻ ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው አንኮበር ገቡ። የሄዱ ቀን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የእንጨት ማንጠልጠያዋን ከግድግዳው ላይ ነቅለው ለእኔ ሰጡኝ። ምን ልሰቅልባት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማዳመጫውን ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቱ መልስ አላገኙም፤ ሦስተኛው «የተጠቀሰው ዕቃ በመዝገባችን የለም» የሚል መጣልኝ። እውነታቸውን ነው፣ በመዝገብ አልነበረም። ግራጫዎቹ ማዳመጫዎች ሁለተኛ ክረምት ሳይሻገሩ ቅስታቸው በብርድ ተሰነጠቀ። የእኔን በጧፍ ሰም ባሸሁት ክር ጠምጥሜ አሰርኩት፤ ከዚያ የተሻለ ዕቃ እስካሁን አልመጣልኝም። ድምፁ ደካማ ቢሆንም በእሱ ማዳመጥን ተማርኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ጣቴን አነሳለሁ። ስንት መርዶ መልሼ ወደ ሽማግሌ እንደላክሁ ቆጥሬ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ አምልጦኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን አላመለጠኝም።

አንኮበር በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ጋሽ ክፍሌ ግቢያቸው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ቆላውን እያዩ አገኛቸዋለሁ። እያደር የሚሰሙት ነገር አነሰ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠግቶ መጮህ ያስፈልግ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው ከደብረ ብርሃን የምነሳው። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ጮሆ መናገር ይከብዳል፤ ቢያንስ ለራሴ የምለው እንዲህ ነበር። ስለ ሥራው እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እነግራቸዋለሁ፣ ምሳ እንበላለን። ልሄድ ስነሳ እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኙኝና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«የረሳሽው ነገር የለም?»

ቦርሳዬን አያለሁ፣ ነጠላዬን አያለሁ። «የለም፣ ጋሽ ክፍሌ» እላለሁ።

«እሺ፣ ጥሩ» ይላሉ።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ጎረቤላ ስወርድ የንስሐ አባታቸውና ሦስት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውኝ «ልጄ፣ ያው የሁላችንም መንገድ ነው፣ አምላክ ያጽናሽ» ብለው ሲጀምሩ አንደኛው ሽማግሌ ክንዴን ያዘኝ። ሁሉም በወጉ ተዘጋጅቷል። እኔም በወጉ አለቀስኩ፤ ከረቡዕ ጀምሮ ያልመጣው ያን ጊዜ መጣ።

ማምሻውን ሰው ቀለል ሲል አስካለ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ አብጧል።

«ትላንት ዋሸሁሽ፣ እትዬ ጥሩ» አለች።

«አውቄያለሁ።»

«እንደምታውቂ ነግሮኛል። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የነገረኝ። ‹ለጥሩ ደውለሽ አሞታል በያት እንጂ ሞተ እንዳትያት። ድምፅሽን ልደብቅ ብለሽ ግን አትድከሚ፤ እሷ ትሰማለች› አለኝ።»

ለዓመታት በየቀኑ ስሸነፍበት የነበረውን ፈተና አልፈሻል መባሌ ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አስካለ የጋቢዋን ዘርፍ እየፈተለች ቆየች። «ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «አንቺ መጥተሽ በሄድሽ ቁጥር ‹ዛሬም አልነገረችኝም› ይለኝ ነበር። ምንድን ነው እሱ ስለው ‹እኔ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀንም ስትነግረኝ ትንፋሿን ሰምቼዋለሁ። ግን ከራሷ አፍ እስክሰማው ነው የምጠብቀው› ይለኛል። ምን ነበር፣ እትዬ?»

በዚያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ብዙ ድምፅ ነበር። ጓዳ ሴቶች ሳህን ያጥባሉ፤ ደጅ አንድ ሰው ድንኳኑን ያጠብቃል፤ ከደብሩ በኩል ደወል ይሰማል። ግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው ዝም ያሉባት ሰኞ ትዝ አለችኝ። ያኔ አንድ ጆሮ ነበራቸው፣ እሱም የደከመ፤ ለእኔ ውሸት ግን በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መንገድ ድረስ ሸኝተውኛል።

ነገርኳት። መሳቢያውን፣ አቡጀዲውን፣ «ሌላ አለ?» ሲለኝ ምን እንዳደረግሁ፣ አብሬው እንደሳቅሁ፣ ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ሁሉንም። ሳልጮህ፣ በዝግታ ነገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል አስካለ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ምን ትለኛለች ብዬ አልጠበቅሁም። ዓይኔን ጨፍኜ እንዴት እንደምትተነፍስ አዳመጥኩ።